ወደ ሶባ የወሰድኩት ምሥራች

ባለፈው ጥቅምት ጦርነቱ ጋብ ካለ በኋላ የተረፈ ዕቃ ካለን ልይ ብዬ ኻርቱም ተመልሼ ነበር። በጀሪፍ በኩል በሚያልፍ ሚኒባስ ተሳፍሬ መስኮቱን ገርበብ ሳደርገው ወንዙ ሸተተኝ። ጎርፉ ሲሸሽ ዳር ዳሩን ትቶት የሚሄደው የጥቁር ደለል ሽታ ነው። ትንሽ የዓሣ፣ ትንሽ የበሰበሰ ቅጠል፣ ትንሽ ደግሞ አዲስ የተለወሰ ሸክላ ይሸታል። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በተጠቀለሉበት ቶብ ጫፍ ሸፈኑ። እኔ ግን መስኮቱን ጨርሼ ከፈትኩት፤ ከዚያም ሳላስበው ዕንባዬ መጣ።

ይህ ሽታ አንድ ጥፋቴን ያስታውሰኛል። የሰው ልብ ማንጠልጠል ስለማልወድ ከወዲሁ ልናገረው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ የአንዲትን ሴት የእናቷን መርዶ፣ የሠርግ ምሥራች መስሎኝ፣ በብስክሌት ሶባ ድረስ ወስጄ ብቻዋን በቆመችበት በር ላይ ነገርኳት። መንገዱ በሕይወቴ ካየኋቸው ቀኖች ሁሉ የሚያምረው ነበር። እሱን ነው እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር። የትምህርት ቤታችን የጭቃ አጥር ወደቀ፤ ክፍሎቹ ውስጥ ውሃ ተኛ። "ሲደርቅ ትመጣላችሁ" ተብለን ተበተንን፤ ሳይደርቅ ጥቅምት ገባ። እናቴ ከድጃ ጧት ወጥታ በሰው ቤት ስታጥብና ስታበስል ውላ አመሻሽ ላይ ነው የምትገባው። እኔን ሰፈራችን ዴም ውስጥ ለብቻዬ ትታኝ መሄድ ስለፈራች ለአባባ እንድሪስ አስረከበችኝ።

አባባ እንድሪስ ከእኛ በር ሦስተኛው ላይ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ብስክሌት የሚጠግን ሽማግሌ ነበር። ወሎ ቦረና ተወልዶ ሱዳን ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ጀሪፍ ወንዙ ዳር ጡብ ሲጥል፣ ምድጃ ሲያነድ ኖሯል። ሌላ ሰው ሲቆጣ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የእሱ ግን ዝቅ ይል ነበር። ጆሮዬን አስጠግቼ ልሰማው ስሞክር የምሰማው ስድብ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኝ ነበር።

ሥራዬ ባልዲ መጠበቅ ነበር። የተነፋው ካላማዳሪያ ውሃው ውስጥ ይነከራል፤ ከቀዳዳው አረፋ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ እኔ ጣቴን አረፋው ላይ አሳርፋለሁ፤ እሱ ቦታውን በእርሳስ ይከበዋል። በጎርፍ ወራት የቧንቧው ውሃ ሳይቀር ቡናማ ነው። አንድ ቀን የባልዲውን ዝቃጭ በመዳፉ ዘገን አድርጎ "ይኸን ታያለሽ? የኛ አገር አፈር ነው። ዓባይ ጠርጎ ያመጣው ነው" አለኝ። ሌላ ሰው ሳያየኝ ቀመስኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አገራችን በየዓመቱ እየተቆረሰች ወደኛ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። የእናቴ መንደር ተራው መቼ እንደሚደርስ ጠየቅኩት።

"አፈሩ ብቻ ነው የሚመጣ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰው በገዛ እግሩ ነው። ያላ፣ ባልዲሽን ያዢ።"

እትዬ ዘምዘም የሥጋ ዘመዳችን አልነበረችም። ከእናቴ ጋር ከአንድ መንደር ወጥተው፣ መተማን በአንድ ሌሊት ያቋረጡ ናቸው፤ ያ ደግሞ ከሥጋ ይበልጣል ትላለች እናቴ። ሶባ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። የምትመጣው ጁምዓ ጁምዓ ነው። ስትመጣ ግቢው በሙሉ ያውቃል፤ ገና ከበሩ ሳትገባ ትስቃለች፣ ጫማዋን ወርውራ ታወልቃለች፣ የቆየ ልብሳችንን ሁሉ ሰብስባ እየዘፈነች ታጥባለች። "ስድስት ቀን ለሰው አጥቤ ሰባተኛውን ለራሴ ሰው ካላጠብኩ እጄ ይኮራል" ትል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ አገር ትደውላለች። እናቷ ደካማ ነበሩ፤ ልባቸውን ያማቸዋል። ዘምዘም የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቆማ (እዚያ ላይ ነው ኔትወርኩ የሚይዘው) ለመላው ሰፈር በሚሰማ ድምፅ ትጨቃጨቃለች። "አንቺ ሴትዮ፣ መድኃኒቱን ዋጥሽው ወይስ ለዶሮ ሰጠሽው? … ከረመዷን በፊት እገባለሁ ብዬሻለሁ። … ዘንድሮማ ወላሂ እገባለሁ!" ስትጨርስ ከባልዲው ላይ ዘላ ትወርድና ስልኩን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች። ከዚያ ደግሞ ትስቃለች።

ስልኩ የመጣው ማክሰኞ ጧት ነው። የመንደራቸው ሰዎች ሁሉ የአባባ እንድሪስን ቁጥር ነበር የሚይዙት፤ ሽማግሌ እሱ ስለሆነ። እኔ ባልዲውን ይዤ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጥ ቆየና "እሺ፣ እሺ። ለማንም አትንገሩ። እኛ እናደርሳለን" አለ። ስልኩን ዘጋና ከመፍቻዎቹ መሐል አስቀመጠው። ካላማዳሪያውን ውሃ ውስጥ ነከረ፤ አረፋው ሲወጣ ግን አላየውም።

"አባባ፣ ይኸው እኮ ቀዳዳው!"

"ተይው" አለኝ።

የዘምዘም እናት ሞተው ነበር። ይህን አሁን ነው የማውቀው።

አገራችን መርዶ እንዲህ በስልክ ተጮኾ አይነገርም። ሐዘንተኛው ሳይሰማ ወዳጅ ዘመድ ይመክራል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ምንጣፍና ምግብ ይዘጋጃል። ከዚያ ማለዳ ላይ ሽማግሌዎች መሐላቸው አስቀምጠው ያረዱታል፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮ የሚያለቅስ ሰው በዙሪያው አለ። ዘምዘም የምትመጣው ጁምዓ ስለሆነ ጁምዓ ተቆረጠ። እስከዚያ በባዕድ ቤት፣ በብረት ምጣድና በልብስ መተኮሻ መካከል ብቻዋን እንዳትሰማ ነበር የሁሉም ጥንቃቄ።

እኔ ግን ያደግሁት ኻርቱም ነው። እኔ የማውቀው የዴምን ሞት ነበር። ከጎረቤታችን ሱዳናውያን አንዱ ሲሞት በዚያችው ደቂቃ ለቅሶው ጣሪያ ይነቅላል፤ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ ላይ ድንኳን ይተከላል፤ ያየ የሰማ ሁሉ እየገባ "አል ፋትሓ" ብሎ እጁን ያነሳል። ሞት ማለት ለእኔ ጩኸት ነው። ሰው ተንሾካሽኮ፣ ምንጣፍ ተውሶ፣ ትልቅ ድስት አጥቦ፣ ስኳር ገዝቶ፣ "እሷ እንዳትሰማ" ከተባባለ ያ ሞት ሊሆን አይችልም። ሊሆን የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ለዚህም ማስረጃ ነበረኝ። ከአንድ ወር በፊት የግቢው ሴቶች አንድ የሚኒባስ ሹፌር ዘምዘምን እንደፈለጋት ሲቀላለዱ ሰምቻለሁ። እናቴ ረቡዕ አመሻሽ ሽንኩርት እየከተፈች ስታለቅስ አየኋት። ሴቶች ሠርግ ሲቀርብ እንደሚያለቅሱ ደግሞ ማን ያጣዋል?

"እማ፣ ለእትዬ ዘምዘም ነው አይደል?" አልኳት።

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ትከሻዬን ይዛ "ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

"ማንም። ዝግጅቱን አይቼ ነው።"

"ወላሂ ሐያት፣ ከአፍሽ ብትወጣ! እስከ ጁምዓ እንዳትሰማ። ስትሰማ እኛ ከጎኗ መሆን አለብን።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

እናቴ የገባኝ መስሏት ነበር። እኔም የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ለምን ሄድሽ ትሉኝ ይሆናል። አንደኛው ምክንያቴ ደግነት ነበር ማለት እችላለሁ። የሱዳን ሙሽራ ለሳምንታት ትዘጋጃለች፣ ሒና ትቀባለች፣ ትታጠናለች። የእኔዋ ሙሽራ ግን ምንም ሳታውቅ በአሮጌ ቀሚሷ፣ ሽንኩርት በሸተተ እጇ ልትመጣ ነው። አሳዘነችኝ። ሁለተኛው ምክንያቴ ግን ደግነት አይደለም። ምሥራች ያበሰረ ይሸለማል፤ የመጀመሪያዋ አብሳሪ እኔ መሆን ፈለግሁ።

ሐሙስ ጧት አባባ እንድሪስ አንዲት ሰማያዊ ትንሽ ብስክሌት ጠግኖ ጨረሰ። ባለቤቷ ካመጣት ሦስት ወር አልፎታል፤ አልተመለሰም። "እስኪ እስከ ቡሪ ነድተሽ ካቴናዋን ሞክሪያት። ከዚያ ወዲያ እንዳታልፊ" አለኝ። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን ከመንገዱ ማዶ አያሳልፈኝም። የራስ መሸፈኛ ጠርሐዬን አንገቴ ላይ አጥብቄ አሰርኩና ወጣሁ።

ቡሪ ስደርስ ወንዙን አየሁት፤ መመለሱ በዚያው ቀረ።

ከወር በፊት ውሃው ሽቅብ መጥቶ መንገዱን ሊውጥ ምንም አልቀረውም ነበር። አሁን ወደ ታች ወርዷል። ሲወርድ በየቀኑ ያረፈበትን ቦታ ዳገቱ ላይ መስመር መስመር እያደረገ ትቶታል፤ ከላይ የደረቀና የተሰነጣጠቀ፣ ከሥሩ ገና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጭቃ። ጭቃው ላይ ሰዎች ባዶ እግራቸውን ይሠራሉ። ወንዱ በእንጨት ቀዳዳ ያበጃል፣ ሴቷ ከኋላው ባቄላ እየጣለች በተረከዟ ትደፍናለች። ያ ሁሉ ጸሐይ እያለ አየሩ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ የሰሜኑ ንፋስ በዚያ ሰሞን ነው የጀመረው። ከኋላዬ ሆኖ ይገፋኛል። ፔዳሉን ሳልረግጥ የምሄድበት ጊዜ ነበር።

ሴት ልጅ በብስክሌት ብርቅ ነች። ልጆች "ያ ቢት! ዐጀላ!" (አንቺ ልጅ! ብስክሌት!) እያሉ ተከተሉኝ፤ ደወሌን ደወልኩላቸው። አንድ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእሳቸውም ደወልኩላቸው። ከመንሺያ ድልድይ በኋላ የአስፋልቱ ጫጫታ ቀነሰ። የማንጎ ዛፎች ጥላ ውስጥ ገባሁና የሰሊጥ ጣህኒያ የተቀባች ዳቦዬን በላሁ። ከዚያ ወደ ውሃው ወርጄ እግሬን ጭቃው ውስጥ ከተትኩ። በጣቶቼ መካከል ልስልስ ብሎ ወጣ። "ይህ ወሎ ነው" አልኩ በልቤ፤ በአገሬ ላይ መቆሜን ያወቅሁት ያኔ ብቻ ነው። እዚያ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አንዲት ጀልባ አሸዋ ጭና እስክታልፍ፣ ነጫጭ ወፎች ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ሁለት ጊዜ እስኪነሱ ቆየሁ። በዚያ ሰዓት የሚፈልገኝ ማንም አልነበረም። ልጅ ብቻውን ደስ ሲለው ምን ያህል ደስ እንደሚለው ረስተን ነው እንጂ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ደስታ ሁሉ ትንሽ ነው።

ጀሪፍ ላይ የጡብ ምድጃዎቹ ጋ ስደርስ ካቴናው ወለቀ። ጭሱ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ተንበርክኬ ስታገል እጄ በግሪስ ጠቆረ፤ በአማርኛ ረገምኩት መሰለኝ ከጡብ ክምር ጀርባ "አበሻ ነሽ እንዴ?" የሚል ድምፅ መጣ።

ሃያ ምናምን ዓመት የሚሆነው፣ ከራሱ እስከ እግሩ ሸክላ የለበሰ ወጣት ነበር። ከወልድያ ነኝ አለኝ፤ ጡብ የሚሸከመው ለቀሪው የስደት መንገዱ የሚሆነውን ገንዘብ እስኪያገኝ ነው። ብስክሌቷን ገለበጣትና ሥራ ጀመረ።

"ወዴት ነው ብቻሽን?"

"ሶባ። ለእትዬ ዘምዘም የምሥራች ይዤ።"

"ምን ተገኘ?"

"እንዳትናገር እሺ? ነገ ሊድሯት ነው። እሷ ምንም አታውቅም።"

ሳቀ። "ሳታውቅ ሙሽራ? እንዲህ ያለ ሠርግ ደግሞ አልሰማሁም። በምን አወቅሽ?"

ቆጠርኩለት። ምንጣፉን፣ ድስቱን፣ ስኳሩን፣ የእናቴን ዕንባ፣ "እስከ ጁምዓ እንዳትሰማ" መባሉን፣ ከአገር ለአባባ እንድሪስ የመጣውን ስልክ። ስልኩ ጋ ስደርስ እጁ ካቴናው ላይ ቆመ።

"ከአገር ነው የተደወለው?"

"አዎ።"

"ሴትዮዋ… አባት እናት አላት?"

"እናት አለቻት። ልቧን ያማታል።"

ካቴናውን ቦታው አስገብቶ ብስክሌቷን አቆማት። መሪውን ግን አልለቀቀልኝም። "እህቴ፣ ተመለሺ" አለኝ።

"ለምን?"

"ይኼ የትልቅ ሰው ነገር ነው። በትልቅ ሰው ነው የሚነገረው። በአላህ፣ ተመለሺ።"

ለምን እንደሆነ ሊነግረኝ አልቻለም። የማያውቃት ሴት መርዶ ነው፤ መንገድ ላይ፣ ለልጅ፣ እሱ አፍ አውጥቶ የሚናገረው አይደለም። እኔን ከመንገዴ ለመመለስ አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ያንን ቃል ግን ደንቡ ያዘበት። እኔ ቀናብኝ አልኩ። "እሺ እመለሳለሁ" ብዬው ወደ ዴም አቅጣጫ ነዳሁ፤ ከምድጃው ጀርባ ተደብቄ ወደ ጡቡ እስኪመለስ ጠበቅሁና በታችኛው የወንዝ መንገድ ሾልኬ አለፍኩ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ሶባ ስደርስ ቀትር አልፎ ነበር። የቤቱን አረንጓዴ የብረት በር አውቀዋለሁ፤ እናቴ አንዴ ወስዳኛለች። መጥሪያውን ተጫንኩ። ዘምዘም እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና እንደሆነ ከፈተች።

"ያ ሰላም! አንቺ! ብቻሽን? በዐጀላ?" ጉንጬን በክርኗ ነካችው፤ መዳፏ ሳሙና ስለነበረ።

"የምሥራች!" አልኳት።

"ምስር ብዪ!" አለች፤ ሳቋ ግቢው ውስጥ አስተጋባ። "ምንድን ነው? እናትሽ አቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቷን አገኘች?"

"ነገ ሊድሩሽ ነው!"

ይበልጥ ሳቀች። "ማን ነው ደፋሩ?"

"ሹፌሩ መሰለኝ። አታውቅም፣ እንዳትሰማ ብለዋል። እኔ ግን ደርሼበታለሁ።"

"እንዴት ደረስሽበት አንቺ ጉደኛ?"

እንዳታምነኝ ፈራሁና ያየሁትን ሁሉ ደረደርኩላት። ምንጣፍ ከሦስት ቤት መዋሳችንን ነገርኳት። ሴቶቹ እኔ ስገባ ወሬ መለወጣቸውን ነገርኳት። ፊቷ ላይ ሳቁ ነበር፤ ግን የቆመ ሳቅ ነበር።

"ከአገር ስልክ መጥቷል?" አለችኝ።

"ማክሰኞ፣ ለአባባ እንድሪስ።"

"ምን አለ?"

ሰው መምሰል እችልበት ነበር። ድምፄን እንደሱ ዝቅ አድርጌ "እሺ፣ እሺ። ለማንም አትንገሩ። እኛ እናደርሳለን" አልኳት። በጣም ነበር የሚመስለው፤ እንድትስቅልኝ ጠበቅሁ።

በሩን ያዘች። ከእጇ ሳሙናው በብረቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

"እናትሽ አልቅሳለች?"

"በሽንኩርት ነው።"

"ሽንኩርቱን ከጨረሰች በኋላስ?"

አሰብኩ። "አዎ" አልኳት፤ "ትንሽ።"

ከውስጥ የቤቱ እመቤት የት እንዳለች እየጠየቁ ተጣሩ። "ያ ዘምዘም! ወይን ኢንቲ?"

"ጃያ፣ ያ ሲቲ!" ብላ መምጣቷን ነገረቻቸው። ድምፅዋ የሁልጊዜው ድምፅ ነበር። ግን አልሄደችም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቶቿን አቅፋ መሬት መሬቱን ታያለች።

"አፈርሽ እንዴ?" አልኳት።

"አዎ" አለች። "አፈርኩ።"

ትንሽ ቆይታ ተነሳች። በግቢው ቧንቧ እጇን ታጠበች፣ የእኔንም ፊት አጠበች፣ ጠርሐዬን ፈታ እንደገና አሰረችልኝ። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ጎንበስ ብላ ጎማዬን በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

"ስሚኝ ሐያት። እዚህ መምጣትሽን ለማንም አትናገሪ። እናትሽ ካወቀች ልብሽን ትሰብረዋለች። እኔም አልናገርም። ማሺ?"

"ማሺ። ግን ሲነግሩሽ እንዳላወቀ ሰው ትሆኛለሽ?"

"እሆናለሁ።"

ከመሄዴ በፊት ምን እንዳልኳት ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። "ሽልማቴስ?" አልኳት። አየችኝ። ከእጇ ያለችውን አንዲት አምባር በእርጥብ ቆዳዋ ላይ እያንሸራተተች አውልቃ ሰጠችኝ።

መመለሻው ንፋሱ ፊት ለፊት ነበር፤ ምንም አልመሰለኝም። ጥቂት የማውቃቸውን የሠርግ ዘፈኖች ሁሉ እየዘፈንኩ፣ ደወል እየደወልኩ ነዳሁ። ጸሐይዋ ዘቅዝቃ ወንዙ የመዳብ ቀለም ይዞ ነበር፤ ባቄላ የሚዘሩት ሰዎች ጥላቸው ረዝሟል። በጡብ ምድጃዎቹ ሳልፍ ወጣቱን ፈለግሁት፤ ልኮራበት። አላየሁትም።

አባባ እንድሪስ ጎማዬ ላይ የደረቀውን ደለል ተመልክቶ "ቡሪ እንዲህ ያለ ጭቃ አለ?" አለኝ። "ካቴናው ወልቆ ወንዙ ዳር ወድቄ ነው" አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደበኝም።

ጁምዓ ማለዳ ዘምዘም ከወትሮው ቀድማ መጣች። ሳትስቅ ገባች፤ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አድርጋ አስቀመጠችው። ክፍላችን ሞልቷል። እኔ ንጹሕ ቀሚሴን ለብሼ፣ በጎረቤት ልጅ ሒና ጥፍሬን ተቀብቼ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። አባባ እንድሪስ "ልጄ ዘምዘም…" ብሎ ሲጀምር፣ ተቀመጪ ሳይላት ተቀመጠች።

"የሰጠ እሱ ነው፣ የወሰደም እሱ ነው። እናትሽ ወደማይቀረው ሄደዋል። ሰብር አድርጊ።"

እናቴ ጮኸች። ሴቶቹ ሁሉ ተያያዙት፤ ክፍሉ አንድ ለቅሶ ሆነ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ "እናትሽ" የሚለው ቃል ሠርጉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ እየሞከርኩ ነበር። ከዚያ ገባኝ።

ዘምዘም አላለቀሰችም። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች፤ የለመደችው ነገር ይመስል። ሊይዟት የተዘጋጁት እጆች በዙሪያዋ እንደተዘረጉ ቀሩ። እናቴ ደረቷ ላይ አስጠግታት "አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሽ" አለቻት። አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ሒና የተቀባ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁት።

በመጀመሪያው ቀን "ደንግጣ ነው" አሉ። በሦስተኛው ቀን "ምን ዓይነት ልብ ነው?" ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ወሰነ፤ ሰው ቤት ሲሠራ ሲሠራ ልቧ ደርቋል፣ ለእናቷ እንኳ ዕንባ የላት። እናቴም አንድ ቀን ምንጣፍ ስትመልስ "እኔ ነኝ ያለቀስኩላት" ስትል ሰማኋት።

ዕንባዋ የት እንደቀረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐሙስ፣ ሶባ፣ በሩን ከዘጋች በኋላ፣ እመቤቷ እንዳይሰሙ ቧንቧ ከፍታ ይሆናል። ወይ ልብስ እየተኮሰች። ከጎኗ አንድም ሰው ሳይኖር፣ የሚይዛት እጅ ሳይኖር። ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቶ የነበረው ያ እንዳይሆን ነበር። እኔ አፌን ብከፍት ሐሜቱ በአንድ ቀን ያበቃ ነበር። አልከፈትኩም። እሷ አትናገሪ ስላለችኝ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩት፤ የፈራሁት ግን የእናቴን ጥፊ ነበር።

ክረምቱ ሳይመለስ ፖርት ሱዳን ሥራ አገኘሁ ብላ ተነሳች። ከግቢው ሊሸኛት የወጣ እናቴና እኔ ብቻ ነን። አውቶቡስ ጣቢያ እናቴ ውሃ ልትገዛ ስትሄድ "እትዬ፣ እኔ እኮ…" ብዬ ጀመርኩ። አፌን በመዳፏ ከደነችው።

"አንቺ ልጅ ነሽ" አለችኝ። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ እያየች "ብቻ ያን ቀን ስትሄጂ በሩ ላይ ቆሜ ነበር" አለች። "አንዴ ዞር ብትዪ ኖሮ እጠራሽ ነበር።"

ዞር አላልኩም ነበር። ሳልዞር መንዳት እንደምችል እንድታይልኝ ፈልጌ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት በሚኒባስ ከጀሪፍ በተመለስኩበት ምሽት፣ አሁን ደሴ ለምትኖረው እናቴ ደወልኩ። ስለ ጎረቤቶቹ ስናወራ የዘምዘም ስም ተነሳ፤ እናቴም የለመደችውን "ለእናቷ እንኳ ያላለቀሰች" የሚለውን አስከተለች። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ብስክሌቷን፣ በሩን፣ የአባባ እንድሪስን ድምፅ መምሰሌን፣ ሽልማቴን።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስናማት አንቺ የት ነበርሽ?" አለችኝ።

"አጠገብሽ" አልኳት።